ቀድሞ የጸደቀ ሲሚንቶ

ሰው እናቱ ባወጣችለት ስም ይጠራል፤ እሱ ግን በገዛ እጅ ጽሕፈቱ ነው የተጠራው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መዝገብ ቤት ሲሠራ እጁ የገባውን ወረቀት ሁሉ፣ የሚኒስትር ደብዳቤም ይሁን «የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ጠፍቷል» የሚል ማስታወሻ፣ ጥጉ ላይ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ሳይልበት አያሳልፍም ነበርና የመሥሪያ ቤቱ ሰው «ይያያዝ» አለው። መጀመሪያ ከጀርባው፣ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ፣ ኋላማ ሚስቱም ጭምር። ቅር አላለውም። ስልክ ሲያነሳ «ይያያዝ ነኝ፣ አቤት» ይል ነበር ይባላል፤ እኔ በጆሮዬ አልሰማሁም፣ አያደርገውም ብዬ ግን አልምልም።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ወር መሥሪያ ቤቱ ነገሩን ሁሉ ኮምፒውተር ውስጥ ከተተና ሁለት ክፍል ሙሉ ወረቀት ይጣል ተባለ። እንግዲህ አስቡት፤ ዕድሜውን ሙሉ አይጥ እንዳይበላው፣ ውሃ እንዳይነካው ሲጠብቀው የኖረው ወረቀት ነው። ሄዶ ለመነ። እነሱም ለቆሻሻ መኪና ሊከፍሉ የነበረውን ስላስቀረላቸው ከነምስጋናቸው ሰጡት። ሦስት መኪና ሙሉ ወረቀት ግቢው ውስጥ ሲራገፍ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ አይተናነስም። «ለመሆኑ ጡረታ የወጣኸው አንተ ነህ ወይስ መሥሪያ ቤቱ?» አለችው።

ወረቀቱን ያመጣው ግን ሲያየው ሊውል አልነበረም። እህቱን አስቦ ነው። ታላቁ ናት፤ «እታለም» ይላታል። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ አሥራ ስድስት፣ እሱ አምስት ዓመቱ ነበር። የሕንፃ ሥራ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆና ገባች፤ አሸዋና በሲሚንቶ የተቦካ ማልታ በባልዲ እየተሸከመች አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ ሰው አደረገችው። እሷ ራሷ ፊደል አልቆጠረችም። ትዳርም አልያዘች፤ ማን ጊዜ ሰጥቷት። የሰው ቤት ስትገነባ ኖራ የሰው ጓሮ ክፍል ውስጥ ተከራይታ አረጀች። አሁን ሰባ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ያለችበት ቤት ሊፈርስ ነውና ዝናቡ ሳይገባ ልቀቂ ተብላለች።

የወንድሟ ሚስት፣ እውነቱን ለመናገር ከልቧ፣ ሳሎኑ ውስጥ አልጋ ይዘርጋላቸው አለች። እታለም አሻፈረኝ አለች። እንግዳ በመጣ ቁጥር እንደ ዕቃ ከጥግ ወደ ጥግ መገፋት አልፈልግም፤ የራሱ በር ያለው ክፍል ካለ እመጣለሁ፣ ከሌለ የአረጋውያን መጦሪያ ስሜን አስመዝግቤያለሁ ብላ ቁርጡን ነገረቻቸው። «መጦሪያ» የምትለው ቃል የወንድምየውን አንጀት በጠሰችው። ያሳደገችኝ እህቴ መጦሪያ ስትገባ ሰው ምን ይለኛል? ሰው ቢቀር እኔ ራሴን ምን እለዋለሁ? ዝናቡ ሳይገባ ከቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል፣ በር ያለው፣ መስኮት ያለው፣ በገዛ እጄ ሠርቼ አስገባሻለሁ ብሎ ማለላት። እሷም «በገዛ እጅህ?» አለችና እጁን አየት አደረገች።

ዕውቀቱን ያገኘው ከአንዲት ባለ አራት ገጽ በራሪ ጽሑፍ ነበር። የወረቀት ብሎኬት ይላታል። ወረቀቱ ተቀዳዶ በርሜል ውስጥ ይነከራል፣ እስኪልም በዱላ ይመታል፣ ውሃው ይጨመቃል። ከዚያ ለሦስት ባልዲ የወረቀት ቡኮ አንድ ባልዲ ሲሚንቶና አንድ ባልዲ አሸዋ ይገባና ይቦካል። በእንጨት ሣጥን ቅርጽ ይወጣለታል፣ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ይሰነብታል፣ በቃ ብሎኬት ሆነ። ቀላል ነው፣ ብርድ አያስገባም፣ ቢፈልጉ በመጋዝ ይቆረጣል። ጽሑፏን ሦስት ቀን ካነበበ በኋላ መሐንዲስ የሆነ ያህል ደረቱ ተነፋ።

አንድ ሰው ብቻ አልጠየቀም። ማልታ ተሸክማ ያስተማረችውን ሴት ስለ ማልታ አንዲት ጥያቄ አልጠየቃትም። ለምን ቢባል፣ እሷ የተሸከመች ናት፣ እሱ ያነበበ ነው። እንዲህ ነው አንዳንዱ ሰው፤ ምንጩ እግሩ ሥር እያለ ውሃ ፍለጋ ካርታ ይገልጣል።

የመጀመሪያው ፈተና ወረቀቱን መቅደድ ነበር። አንዱን ሲያነሳ ማንበብ ይጀምራል፣ ሲያነብ ይቆጨዋል። ይህኛው የቅሬታ ማመልከቻ ነው፣ መልስ አልተሰጠውም ይላል። ያኛው ቃለ ጉባኤ ነው፣ አንድ ፊርማ ይጎድለዋል ይላል። በአንድ ሙሉ ቀን ግማሽ ጆንያ አልሞላም። በማግስቱ ሚስቱ የስፌት መኪናዋን ትታ መጣች፤ ወረቀቱን ከእጁ ቀማችና በመቀስ እየሸረከተች በርሜል ውስጥ ጨመረችው። አመልካቹ ከሞተ ሃያ ዓመት ሆኖታል፣ አሁን ምን ብለህ ልትመልስለት ነው አለችው። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ፤ ሥራው ግን ተጀመረ።

ደግሞ እኮ መጀመሪያ ላይ አማረለት፤ መካድ አይቻልም። ጎረቤቱ ግንበኛው መሠረቱን በድንጋይ አወጣለት፤ ጋሼ፣ ልኩን እንዳይለቁ ብሎም መከረው። እሱም አልለቀቀም። የመጀመሪያዎቹ ሰማንያ ብሎኬቶች በጥፍር የማይጫሩ፣ ሲመቷቸው ደህና ድምፅ የሚሰጡ ነበሩ። ግድግዳው በአራቱም ማዕዘን እስከ ወገብ ወጣ። ጠዋት ጠዋት ፒጃማውን እንደለበሰ ዙሪያውን እየተዘዋወረ ያየዋል። ለእህቱ ደውሎ መስኮቱ ወደ ምሥራቅ እንዲሆን ነው ያሰብኩት ሲላት ድምፁ የሕፃን ድምፅ ይመስል ነበር።

ጣጣው የመጣው በስብርባሪው ነው። ብሎኬት ሲወጣ ከሣጥኑ ጠርዝ የሚከረከም አለ፣ ከአካፋው የሚንጠባጠብ አለ፣ ሲነሳ ጥጉ የሚሸረፍ አለ። ይሄ ሁሉ መሬት ላይ ይደርቃል። ሌላ ሰው ቢሆን ጠርጎ ይጥለዋል። እሱ ግን መጣል የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ እየለቀመ ጆንያ ውስጥ ከተተው፣ በጆንያው ላይም ቀኑን ጻፈበት። በራሪ ጽሑፏ መጨረሻ ገጽ ላይ ደግሞ የደረቀ ስብርባሪ ተፈጭቶና ተነክሮ በመጠኑ በአዲሱ ቡኮ ሊገባ ይችላል የሚል አገኘና ደስታው ወሰን አጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሰነድ ሲያገላብጥ የኖረው ሰውዬ «ተነክሮ» እና «በመጠኑ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ዓይኑ ዘለላቸው።

መጀመሪያ አንድ ጣሳ ጨመረ፣ ምንም አልሆነም። ቀጥሎ ግማሽ ባልዲ ጨመረ፣ ያም ያስኬድ ነበር። በዚህ መሐል ሲሚንቶው እየተሟጠጠ መሄዱን ሲያይ፣ ከመዝገብ ቤት ሰው በስተቀር ለማንም የማይመጣ ሐሳብ መጣለት። ስብርባሪው እኮ አንዴ ሲሚንቶ ገብቶበታል! አንዴ የጸደቀ ጉዳይ ሁለተኛ ይጽደቅ አይባልም፤ ማኅተም ባረፈበት ወረቀት ላይ ሌላ ማኅተም መርገጥ የቢሮ ሀብት ማባከን ነው። ታዲያ ሲሚንቶውን በሆዱ ለያዘ ስብርባሪ አዲስ ሲሚንቶ ምን ያደርግለታል? ደብተሩን አወጣና በዚያ ውብ እጅ ጽሑፉ «ስብርባሪ፣ ሦስት ባልዲ። ሲሚንቶ፣ ቀድሞ የጸደቀ» ብሎ መዘገበ። ሙሉ ባልዲ ሲሚንቶ የነበረው ግማሽ ሆነ፤ ግማሹ ሩብ፣ ሩቡ ደግሞ አንድ ጣሳ።

የሚገርመው ብሎኬቱ መልኩ አልተለወጠም። እንዲያውም ቀለል አለ፤ እሱም መቅለሉን እንደ መሻሻል ቆጠረው። ግንበኛው አንዱን አንስቶ መዘነና ቀስ አድርጎ መለሰው። ጋሼ፣ ይቺ የሲሚንቶ ክብደት የላትም አለው። ይያያዝም በራሪ ጽሑፏን አውጥቶ አነበበለት፤ ስለ ማኅተሙም ጨምሮ አስረዳው። ግንበኛው ጭንቅላቱን አከከና የተማረ ሰው ፊት ምን ይባላል ብሎ ሄደ። እሱም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ መደርደሩን ቀጠለ።

አንድ ረፋድ ላይ ሚስቱ ከግድግዳው በላይኛው ረድፍ ምስማር መታችና የልብስ ገመድ አሰረችበት። ሁለት እርጥብ አንሶላ ስታሰጣ ምስማሩ ከነግማሽ ብሎኬቱ መጥቶ እግሯ ሥር ወደቀ። ጠራችው፤ መጣ፤ አየ። እንግዲህ አሁን ይገባዋል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ጎንበስ አለና የወደቀውን ለቃቅሞ ጆንያ ውስጥ ከተተ፤ «የሚጠፋ ነገር የለም፣ ተመልሶ ይገባል» አለ። ተመልሶም ገባ። የወጣው ብሎኬት ከበፊቱ ባሰ፣ ሲሰበር ሌላ ስብርባሪ ሆነ፣ ስብርባሪው ሌላ ደካማ ብሎኬት ሆነ። ሚስቱ ክፍሉን የምትሠራው ለእትዬ ነው ወይስ ለስብርባሪው ብላ ጠየቀችው። ግድግዳው ባለበት ሲረግጥ ጆንያው አሥራ አራት ደርሶ ነበር።

ልቡ ግን ያውቅ ነበር። ማንም ሳይነሳ ወጥቶ ብሎኬቱን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርገዋል፤ ሲሰረጉድ ጣቱን ቶሎ ያነሳል፣ አሻራው እንዳይታይበት የፈራ ይመስል። ፈርቶም ነበር። ዝናቡ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እህቱ ስትደውል ግን ደርሷል፣ ጣራ ብቻ ነው የቀረው ይላታል። በሕይወቱ ውሸት ጽፎ የማያውቅ ሰው ነኝ ይል ነበር። ይህንንም ቢሆን አልጻፈውም፣ በስልክ ነው የተናገረው።

ጣራ ብቻ ቀረ የተባለች ሴት ታዲያ ምን ታደርጋለች? መጋረጃ ታስባለች። አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ እታለም መስኮቱን ልለካ ብላ ሲባጎ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። መስኮት የለም። በአንድ ወገን ደረት የደረሰ፣ በሌላው ከወገብ ያላለፈ ግድግዳ ቆሟል፤ ዙሪያውን ጆንያ ተደርድሯል። እሷ በዝግታ ዞረችው። ታችኛውን ረድፍ በመዳፏ መታ መታ አደረገችና ራሷን ነቀነቀች። ወደ ላይኛው ስትደርስ ሌባ ጣቷን ወደ ብሎኬቱ ሰደደች፤ ጣቷ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ።

ሲሚንቶው የት ሄደ ብላ ጠየቀችው። አስረዳት። ስለጸደቀ ጉዳይ፣ ስለ ማኅተም፣ ሁሉንም። እሷ ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችበትና ሳታቋርጠው እስከ መጨረሻው ሰማችው። አስቡት፤ ሃያ ስድስት ዓመት ማልታ ያቦካች ሴት ናት።

«ሲሚንቶ የሚይዘው አንዴ ነው» አለችው ሲጨርስ። «ደርቆ ካበቃ በኋላ አሸዋ ነው፤ እንደ አሸዋ ነው የምትቆጥረው። ደግሞ በደረቁ ስትጨምረው የአዲሱን ቡኮ ውሃ ይጠጣበትና አዲሱም ሳይይዝ ይቀራል። እሱን እንኳ ያልጠየቅኸኝ ለምንድን ነው?»

አንድ ቀን እንኳ እኔ ልሥራልሽ ብዬ ነው፤ አንቺን ከጠየቅሁ ያው ያንቺ ሥራ ይሆናል ብዬ ነው አላት። እውነቱን ነበር። ግን ግማሽ እውነት ነበር፤ ሌላውን ግማሽ እሱም ገና አላወቀውም።

እታለም አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር። ቦርሳዋን ከፍታ ከመጦሪያው የተላከላትን ቅጽ አወጣች፤ እስከ ዓርብ ተሞልቶ ይመለስ ብለዋታል። ሳትነግራቸው የመጣችው መስኮት ቢኖር ልትለካ፣ ባይኖር ልታስሞላ ኖሯል። «ሙላልኝ» አለችው። ሚስቱ በሩ ጋ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሱ አወጣ። ስም ጻፈ። ዕድሜ ጻፈ። «የቀድሞ ሥራ» የሚለው ላይ ሲደርስ እጁ ጌታውን ሳይጠይቅ በልማዱ ሄደ፤ ሁለት ቃል ጻፈ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለች።

ሥራሽን ነዋ አላት።

«የቤት እመቤት ብለህ ነው?»

ቀና ብሎ አያት። ፊደል የማታነብ እህቱ ናት።

«ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ አሻራዬን ያስደረጉኝ ወረቀት ላይ ጸሐፊዋ ጮክ ብላ አነበበችልኝ» አለች፣ ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ረጋ ብላ። «የአሳዳጊ ሥራ፣ የቤት እመቤት አለች። አንተ ነህ የሞላኸው። ልብሴ ላይ ሲሚንቶ ነበር፤ ሴትዮዋ ልብሴን አየች፣ ወረቀቱን አየች። ቤት ሳይኖረኝ የቤት እመቤት አደረገኝ ብዬ መንገድ ሙሉ ስስቅ ሄድኩ። ስገባ አለቀስኩ።»

ያን ወረቀት አስታወሰው። የክፍሉ ልጆች የአባቴ ሥራ ሐኪም፣ የእናቴ ሥራ አስተማሪ እያሉ ሲሞሉ፣ እሱ «የቀን ሠራተኛ» ብሎ መጻፍ አፍሮ ነው «የቤት እመቤት» ያለው። አንዴ ጻፈው፤ ከዚያ በኋላ በመጣው ቅጽ ሁሉ ላይ ያንኑ እየገለበጠ አርባ ምናምን ዓመት ኖረ። ማንም አላረመው። አሁን ሐፍረቱ ከእግሩ ጀምሮ ወጣበት፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ይቅር በይኝ ሊላት አፉን ከፈተና ይቅርታው ራሱ አነሰበት። የጻፈውን ሁለት ቃል ሰረዘ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሰነድ ላይ ስርዝ ድልዝ አድርጎ የማያውቅ እጅ ደጋግሞ ሰረዘው።

«እታለም» አላት፣ «ምን ምን ነበር የምትሠሪው?»

ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። መናገር ጀመረች፣ እሱም ጻፈ። የመጀመሪያውን ሁለት ዓመት ድንጋይ አቀብላለች። አሸዋ ነፍታለች፤ ሲነፋ ዓይኗ ይታመም ነበር። ቡኮ ማቡካቱን ከአንድ ግንበኛ ሚስት ተማረች፤ ኋላ ላይ እሷ ያቦካችው ካልሆነ ግድግዳ አንልስም የሚሉ ግንበኞች ነበሩ። ለስድስት ግንበኛ ብቻዋን አቅርባለች። ትምህርት ቤት ሠርታለች፣ ሁለት ክሊኒክ፣ አንድ ሲኒማ ቤት። የሱን መሥሪያ ቤት የኋላውን ክንፍ፣ መዝገብ ቤቱ ያለበትን፣ ሦስት ወር ሠርታበታለች፤ እዚያ መቀጠሩን ሲነግራት ደስ ብሏት እንደነበርም አሁን ነገረችው። ለቅጹ የተሰጠው አንድ መስመር አለቀ። ኅዳጉ ላይ ጻፈ። ገለበጠና ጀርባውን ሞላው። ፀሐይዋ ግድግዳውን አልፋ ወደ አጥሩ ስትዞር እሱ ገና እየጻፈ ነበር፤ ሚስቱም ሳትጠራ መጥታ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር።

«በል አሁን አንብብልኝ» አለችው።

አነበበላት። አንገቷን ደፍታ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሰማች። አንድ ቦታ ብቻ አረመችው፤ ሲኒማ ቤቱ ባለ ሦስት ፎቅ ሳይሆን ባለ አራት ነበር፣ አራተኛውንም በእግሯ ነው የወጣችው። አስተካከለና እስከ መጨረሻው አነበበ።

እታለም ከባልዲው ላይ ተነሳች። «ይህን ሁሉ የሠራች ሴት መጦሪያ ገብታ ምን ልትሠራ ነው?» አለች፣ እጅጌዋን እየጠቀለለች። «ተነስ። ከወገብ በላይ ያለውን ሁሉ አፍርሰው፣ ስብርባሪውን ዛሬውኑ ውሃ ውስጥ ንከረው። ነገ የማቦካው እኔ ነኝ። አንተ ባልዲ ትሸከማለህ።»